የጀልባዋ ጠበል

ይድረስ ለምወድዎት እናቴ ለወይዘሮ እታለም፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ጎርጎራ አሁን ክረምቱ ገብቷል፤ የሐይቁ ብርድ እንዳይጠናብዎት ጋቢዎን አይለዩ። እኔና ሠርካዲስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። በስልክ አልሰማ ስለሚልዎት እህቴ ቀጸላ ቀስ ብላ ታንብብልዎት፤ የሚያሳፍረኝንም መስመር እንዳትዘል አደራ።

እማዬ፣ ባለቤቴ ለቀጸላ ደውላ ወንድምሽ ውሃ ውስጥ ሊጨርሰኝ ነበር ማለቷን ሰምቻለሁ። እርስዎም ያቺን ጀልባ ሽጥ ብለው ልከውብኛል። ትእዛዝዎን አልጣስኩም፤ ግን ነገሩን ከእኔም ይስሙት።

ጀልባዋ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። ባለ ሸራ ናት፤ ውስጧ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ አላት። የሲንኩ ውሃ በቱቦ ወርዶ በሆዷ ባለ ቀዳዳ ወደ ሐይቁ ይወጣል፤ ቀዳዳው ላይ እንደ ቧንቧ የሚዘጋና የሚከፈት ቫልቭ አለው። ስገዛት ሸራውን አየሁ፣ ቀለሙን አየሁ፤ ከሲንኩ ሥር ግን ጎንበስ አላልኩም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም አይደል?

ሠርካዲስ ውሃ ስለምትፈራ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል አምጥታ ውስጧን ረጨችልኝና እዚህ ዴንቨር አጠገብ ባለው ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ላይ ወጣን። ወለሉ ላይ ውሃ ሳይ ጠበሉ ነው ብዬ ለመጥረግ እንኳ ፈራሁ። የደንገል ታንኳ ላይ ያደገ ሰው ደግሞ እግሩ ሲርስ አይደነግጥም። ቁርጭምጭሚታችን ሲደርስም ጠበል ነው፣ አይዞሽ እላታለሁ።

«እኔ የረጨሁት አንድ ኮዳ ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነቃሁ። ቱቦውን ያሰረው ፋሼታ የሚባል የብረት ቀለበት ዝጎ ተበጥሶ ሐይቁ በመውጫው ይገባል። ቫልቩን ልዝጋ ብል ለዓመታት ሳይነካ ኖሮ ድርቅ ብሏል። ሠርካዲስ ነጠላዋን ጠቅልላ ቀዳዳው ውስጥ ወተፈችው፤ በዚያ ተረፍን። እማዬ፣ በራሴ እንደዚያ ዕለት አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ኢስት ኮልፋክስ መኪና የሚጠግነውን ኣስመላሽን ለመንኩት፤ በወጣትነቱ ምጽዋ ወደብ የሠራ ወዳጄ ነው። ጀልባዋን ከውሃ አውጥተን ሆዷን ሲያይ ጠበል ዝገት አያስለቅቅም ብሎ ሳቀብኝ። ቫልቩን በአዲስ ነሐስ፣ ቱቦውንም በአዲስ ለወጥን፤ በየጫፉ ሁለት ሁለት ፋሼታ አሰርን፤ ለክፉ ቀን ቀዳዳውን የሚደፍን የእንጨት ቡሽም አጠገቡ በገመድ አንጠለጠልን። ቫልቩ እንዳይደርቅ በየወሩ መዞር አለበት አለን። ምሳ ልታመጣልን የመጣችው ሠርካዲስ ጎንበስ ብላ በእጇ ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ደግማ ዘጋችው።

ጥገናው ሲያልቅ እንዳዘዙኝ ለሽያጭ ማስታወቂያ አወጣሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከእንግልውድ አንድ ሰው መጣ። ሠርካዲስ መጀመሪያ ከሲንኩ ሥር ይይ ብላ ብትጠራው፣ እሱ ኋላ አየዋለሁ፣ ሸራውን ልይ አላት። ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ይሄም እንዳንተ ነው፤ ሚስቱን ያሰምጣታል» አለችኝ። ለእሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ጀልባዋ አትሸጥም አለችው። የጀልባዋንም ቁልፍ ከእጄ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ለአጎቴ ለወልደገብርኤል እጅ ነስቷል ይበሉልኝ። ቀጸላን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ ጎረቤቶቹንም በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ።

እንግዲህ እማዬ፣ ሽጥ የሚለው ትእዛዝዎ ከእንግዲህ ለምራትዎ ይሁን። እኔ የምሳፈረው እሷ ቫልቩን አይታ ግባ ስትለኝ ነው።

ልጅዎ ደምሰው
ፓርክ ሂል፣ ዴንቨር
ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.