ሳይራቡ የከሱት መምህር ሀብተ ሚካኤል ማዕረግ

መምህር ሀብተ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ማዕረግ ገዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስጦታ አሻግሬ በጃናሞራ ወረዳ፣ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች የገብስ አገር፣ በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ተወለዱ። ዘመኑ ክፉ ቀን ስለነበር ሕፃኑ ከስተው ሲታዩ ማንም አልተገረመም። ክፉው ቀን አልፎ፣ አዝመራው ሰምሮ፣ እኩዮቻቸው ሁሉ ሥጋ ሲያወጡ እሳቸው ግን እንደከሱ ቀሩ። ፊታቸው ገርጥቶ፣ እጅና እግራቸው ቀጥኖ፣ ሆዳቸው በግራ በኩል ጠጥሮ ነበር። ጣፊያ ነው ተብሎ በጋለ ብረት ተተኮሱ፤ ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም።

አባታቸው ልጃቸው ሞፈር እንደማይሸከሙ ሲረዱ ለትምህርት ሰጧቸው። አንደኛ ደረጃን በመካነ ብርሃን፣ ሁለተኛ ደረጃን በደባርቅ ተማሩ። በጎንደር የመምህርነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው በ1999 ዓ.ም. በደባት የሒሳብ መምህር ሆነው ተመደቡ። ቁመታቸው ከስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስለማይበልጥ፣ እንግዳ የሆነ ወላጅ መጥቶ «አንተ ልጅ፣ መምህሩን ጥራልኝ» ይላቸው ነበር። እሳቸውም «እሺ» ብለው ወጥተው፣ ኮታቸውን ደርበው ይመለሱ ነበር። በልጆች ፊት ቁጣ አያውቁም።

በ2003 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደብሪቱ ሙሌ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ሃናን አፍርተዋል። ወይዘሮ ደብሪቱ ከራሳቸው አስቀድመው ባለቤታቸውን የሚያበሉ ሴት ናቸው። በሶ በቅቤ ያሹላቸዋል፣ ተልባ ይበጠብጡላቸዋል፣ በግ ሲታረድ መረቁን ለይተው ያስቀሩላቸዋል። መምህሩም በሚገባ ይበሉ ነበር። ሥጋ ግን አላወጡም።

በ2007 ዓ.ም. ለፋሲካ እናታቸውና ታላቅ ወንድማቸው አቶ አንዱዓለም ወደ ደባት መጡ። እናታቸው መምህሩ ሲታጠቡ የጎድን አጥንታቸውን አዩ።

«ጎታሽ ሙሉ ነው፣ የልጄ ገላ ባዶ ነው። እህሉን ማን ይበላዋል?» አሏቸው ወይዘሮ ደብሪቱን።

«እሜቴ፣ ጥቂት ሰንብተው አብረውን ይብሉ። ከዚያ ይፍረዱ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

እናታቸው በማግሥቱ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ «ታስርበዋለች» የሚለው ወሬ «በሽታ አስይዛዋለች» ወደሚለው ዞረ። ባልና ሚስት ደማቸውን ተመርምረው ነጻ መሆናቸው ተነገረ፤ ወሬው ግን ምርመራ አይሰማም።

በ2008 ዓ.ም. መምህሩ ሰሌዳ ሲያጠፉ አዳልጧቸው ቢወድቁ የጭን አጥንታቸው ተሰበረ። አቶ አንዱዓለም ይህን ምክንያት አድርገው በደባት ሽማግሌ አስቀመጡ። ረሃብ አጥንቱን አድርቆት ነው ተባለ። መምህሩ ከተኙበት አልጋ ላይ «አልራበኝም። ሚስቴ አላስራበችኝም» ብለው ተናገሩ። ሽማግሎቹ የታመመ ሰው ቃል ነው ብለው አልፈው፣ ሚስቲቱ ከቤት ይውጡ ሲሉ ፈረዱ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሃናን አዝለው ከቤታቸው ወጡ። መምህሩን ዘመዶቻቸው በቃሬዛ ወደ ጃናሞራ ወሰዷቸው።

እዚያ በእናታቸው እጅ ቅቤና ሥጋ እየበሉ አንድ ዓመት ከረሙ። ከመጡበት ይልቅ ከስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ግን ሽማግሌ የተቀመጠ የለም።

በ2012 ዓ.ም. ክፍል ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ታናሽ እህታቸው የትናየትና አቶ አንዱዓለም ጎንደር ወስደው አስመረመሯቸው። ሕመሙ ታላሴሚያ የሚባል፣ ከእናትም ከአባትም በደም የሚወረስ መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ ነገራቸው፦ «መቅኔያቸው ቀን ከሌት ደም ለመሥራት ይደክማል፤ የሠራው ደም ግን ሳይቆይ ይፈርሳል። የሚበሉት ሁሉ እዚያ ያልቃል፤ ለጡንቻም ለስብም አይተርፍም። አጥንታቸውም የሳሳው በዚሁ ነው። ምግብ ያጎደለባቸው ሰው የለም።»

መምህሩ ወንድማቸውን «ይህን በሽማግሎቹ ፊት ተናገርልኝ» ብለው ለመኗቸው።

«ሴቶች ልጆቼ ለአቅመ ሔዋን ደርሰዋል» አሉ አቶ አንዱዓለም። «በዘራቸው ደዌ አለ ከተባለ ማን ያገባቸዋል? ያለፈው አልፏል።»

እናታቸውም «የእኔ ዘር ንጹሕ ነው» እንዳሉ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። የዘሩ ንጽሕና ይጠበቅ ዘንድ ወይዘሮ ደብሪቱ ጥፋተኛ ሆነው ቀሩ።

መምህሩ ራሳቸው ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ አባት ቤት ሄደው ሁሉን ነገሯቸው። ወይዘሮ ደብሪቱም «ካንተ ጋር አልተጣላሁም። በሰው ፊት ያስወጡኝ በሰው ፊት ይመልሱኝ» አሉ። ወደ ቤቱ አልተመለሱም። ደም በሚያስፈልግ ጊዜ ግን ጎንደር ድረስ ሄደው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ደማቸው ለመምህሩ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ከወንድሞቻቸው መካከል ለደም የሄደ አልነበረም። ደም መስጠት ያከሳል ብለው ፈሩ።

በኋላ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በተዘጋባቸው ወራት መምህሩ ደም ለመቀበል ጎንደር መድረስ አልቻሉም። ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው አበጠ። አበጥ ሲሉ ያዩዋቸው አንዳንድ ጎረቤቶች «ዘንድሮስ ወፈሩ» ብለው ደስ አላቸው። መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ40 ዓመታቸው በደባት ዐረፉ።

ከማረፋቸው በፊት እህታቸውን የትናየትን «በቁሜ ያልሰሙኝ ሬሳዬ ፊት ይስሙ። ስቀበር የሚነበበው ላይ አስገቢልኝ» ብለው አዘዋል። ስለዚህ በዚህ ድንኳን ለተቀመጣችሁ፣ ያን ዕለት በሽምግልናው ለነበራችሁም ጭምር፣ እነሆ ተነበበ፦ መምህር ሀብተ ሚካኤልን ያከሳቸው ከወላጆቻቸው የወረሱት ደም ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ አላስራቧቸውም።

መምህሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደብሪቱ ሙሌን፣ ልጃቸውን ሃናን፣ አባታቸውን አቶ ማዕረግን፣ ወንድሞቻቸውንና እህታቸውን ጥለው ሄደዋል። ሰው በገላው ውፍረት በማይመዘንበት አገር አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ በስማቸው ለተበደሉትም እኛ እያየን ይፍረድላቸው። አሜን።