የሳሮን «ጠ»

ረቡዕ፣ ኦገስት 9 ቀን 2006

ዛሬ ወጣላት። ሳሮን «ጠ»ን በትክክል አለችው። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አፏ ላይ «ጠ» ሁሉ «ተ» እየሆነ ሰው ስለሚስቅባት አማርኛ መናገር ትታ ነበር። ለኦገስት ዕረፍት ፓርክላንድስ ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ የአማርኛ ክፍል ከከፈትን ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳሳየኋት እግዜር ይወቀው። እኔን አይታ ግን አልሞከረችም። አዲስ አበባ ያደግሁ አስተማሪ ነኝ፤ ለእኔ ምን ይከብደኛል? የወጣላት የክፍል ጓደኛዋን ሄለንን አይታ ነው። ሄለን እስካለፈው ሳምንት እንደሷው ትኮላተፍ ነበር። አፏን አፏን ስታያት ቆየችና «እሷ ከቻለች እኔም እችላለሁ» አለች፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ጣት፣ ጠጠር፣ ጥጥ። ቤት እስክገባ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ 10

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ወላጆቻቸው ፊት ያነባሉ። እያንዳንዱ የራሱን ሁለት መስመር ጻፈ። ሳሮን የጻፈችው ስለ አባቷ ነው። አባቷ ተስፋዬ በእርዳታ ሥራ ደቡብ ሱዳን ይመላለሳል፤ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። «አባቴ ሲመጣ ደስ ይለኛል» ትላለች የመጀመሪያዋ መስመር። ያቺ «ጣ» አስፈራችኝ። ሌላ ቃል እንፈልግ ብላት አይሆንም አለች። ገና የበቀለ ልብ እንዴት ልንካ? ተውኳት።

ቅዳሜ፣ 12

ልምምድ። ደጋግማ አነበበች፤ አንዴም አልሳተች። ሄለን አጨበጨበችላት። ተስፋዬም ትናንት ገብቷል።

እሁድ፣ 13

የዛሬውን መጻፍ አልፈልግም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሳሮን ወጣች። አባቷን ፊት ለፊት ስታየው ትንፋሿ አጠረ።

«አባቴ ሲመታ ደስ ይለኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የወዳጅ ሳቅ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ግን አባቷ ነው፣ እንባውን እየጠረገ። «መቼ መትቼሽ አውቃለሁ ልጄ?» አላት ጮክ ብሎ፤ ሰዉ እንደገና ሳቀ። ሳሮን ምን እንዳለች አልገባትም። ወረቀቷን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ወርዳ እናቷ ጉያ ገባች።

ሁለተኛውን መስመር ማንም አልሰማውም። «ሲሄድ አለቅሳለሁ» ይል ነበር።

ሰኞ፣ 14

አልመጣችም። እናቷ ገነት ደወለችልኝ። በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ብቻ ትመልሳለች አለችኝ። አባቷ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ከክፍሏ ወጥታ አልተሰናበተችውም።

ቆይቶ እሱ ራሱ ከኤርፖርት ደወለ።

«እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነው የሳቅኩት» አለ። «ልጄ ቆማ አማርኛ ስታነብ አይቼ።»

«እሷ የሰማችው ሳቁን ነው» አልኩት።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ በቃሌ ተጸጸትኩ። እንድታነብ ያስወጣኋት እኔ አይደለሁም እንዴ?

ማክሰኞ፣ 15

መጣች። እናቷ በር ድረስ አድርሳት ሄደች። ከኋላ ተቀመጠች።

የሰበረኝ ግን ሌላ ነው። ሄለንን አንብቢ ብላት እንቢ አለች። «ይስቁብናል» አለች። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ። ሳሮን ከሄለን መቻልን ተማረች፤ ክፍሉ በሙሉ ደግሞ ከሳሮን ፍርሃትን ተማረ። እንባዬ መጣ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ዋጥኩት።

መጽሐፉን ዘጋሁና ስዋሂሊ አስተምሩኝ አልኳቸው። ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ ስዋሂሊዬ ከማታቱ ሚኒባስ ወያላ ጋር ከመከራከር አያልፍም። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት መጻሕፍት እያሳየሁ «ቪታቡ ምቢሊ» አልኩ። ሳቁብኝ። ፊቴ ጋለ። እንደዚህ ነው ለካ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ተሳሳትኩ።

«ቪዊሊ» አለ ቀጭን ድምፅ ከኋላ። ሳሮን ናት። «ቪታቡ ቪዊሊ፣ ቲቸር።»

እሷ አልሳቀችም። ተከትያት አልኩት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችልኝ።

አማርኛ ግን አንድም ቃል አልወጣትም። ስንለያይ ደህና ዋይ አልኳት። ቆም አለች፤ ከንፈሯ ሊንቀሳቀስ ብሎ ተወው። እጇን አውለብልባልኝ ወደ እናቷ ሄደች።