ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ማክሰኞ

ኢንጂነሩ ታብሌቱን ለሰይድ ሰጡት። ከመጣ ሦስት ሳምንት ላልሞላው ልጅ። እኔ ኢንጂነር አያሌው መካነ ሰላም ከገቡ ጀምሮ አብሬያቸው ነኝ። ዕቃውን ከመኪና ያወረድኩት እኔ፣ ገበሬውን በስሙ የምጠራው እኔ፣ ውሻ ሲመጣ ፊት የምቆመው እኔ። እሱ ከወረኢሉ መጥቶ አስራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ አለና ታብሌት ያዘ።

እኔ ስድስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። እና ምን ይጠበስ? በዚህ ዳገት ላይ ትምህርት አይሸከምህም፣ እግር ነው የሚሸከምህ። በእግር ደግሞ እኔን ማንደፍሮን የሚቀድም አልተወለደም።

ይሄን ደብተር የሰጡን ኢንጂነሩ ናቸው። በየቀኑ የማን ማሳ እንደለካን፣ አዋሳኙ ቆሞ እንደነበር፣ ከባለይዞታው ምን እንደተቀበልን ጻፉ ብለው። ከፊት ያለውን ለሳቸው እጽፋለሁ። ከኋላ የጀመርኩት የራሴ ነው፣ ማንም አያየውም።

ሥራው እንዲህ ነው። ገበሬው የመሬት ደብተር እንዲያገኝ ማሳውን እንለካለን። እኔ ዘንጉን ድንበሩ ጥግ ላይ አቆማለሁ። አናቱ ላይ ከሳተላይት የሚያነብ ማሽን አለ። ወገቡ ላይ ክብ ብርጭቆ የመሰለች ነገር አለች፣ ውስጧ አረፋ አላት። አረፋዋ መሀል ስትገባ ዘንጉ ቀጥ አለ ማለት ነው። ያኔ «ልክ!» እላለሁ፣ ሰይድ ታብሌቱን ነካ ያደርጋል። አለቀ። ነካ ማድረግ ምን ሥራ ነው?

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እዚህ ስንጨርስ ኢንጂነሩ ወደ ወግዲ ይሄዳሉ፣ ይዘው የሚሄዱት አንድ ሰው ብቻ ነው። ማንን እንደሆነ አልተናገሩም። ዛሬ የተናገሩ መሰለኝ።

ረቡዕ

ሰይድ ያለው፦ ታብሌት። ጃኬት፣ እህቱ ከጂዳ የላከችለት። ጥሩ ጽሕፈት። ኢንጂነሩ «ሰይዶ» ይሉታል።

እኔ ያለኝ፦ ዘንግ። «አንተ» ይሉኛል።

ዛሬ ደግሞ ተቆጡኝ። ጋሽ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝ፣ የባቄላ ንፍሮ አቀረቡ፣ ጠላም ቀዱ። የሰው እጅ ይገፋል እንዴ? ጎረስኩ። ሰይድን ሲጠሩት ደረቱን ነክቶ «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሥራው ሲያልቅ መጥቼ እበላለሁ» አላቸው። ሽማግሌውን ቅር አላላቸውም፣ እንዲያውም መረቁት! እኔ በልቼ ሳልመረቅ እሱ ሳይበላ ተመረቀ።

ኢንጂነሩ ለብቻ ወስደውኝ፣ መሬቱን የምንለካለት ሰው ቤት አይበላም፣ ውሃም ቢሆን የራሳችንን ነው የምንጠጣው አሉኝ። ንፍሮ ጉቦ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አይደለም፣ ግን ነገ ባለድንበሮቹ ሲጣሉ ንፍሮው ጉቦ ይሆናል አሉ። ለሳቸው ቀላል ነው። አገራቸው አይደለም።

«ከፊት ያለው ላይ ጻፈው» አሉኝ። አልጻፍኩም።

ሐሙስ

አደረግኩት።

ዛሬ የለካነው የጋሽ ይመርን እና የእማማ ዘነቡን ማሳ ነው። እማማ ዘነቡ ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። የሁለቱ ድንበር አንድ ነው፣ ዱሮ በዚህ ድንበር ተካሰው ሽማግሌ ነው ያስታረቃቸው ይባላል። ጥግና ጥጉ ላይ ድንጋይ ተተክሏል። ሁለቱም ቆመው ነበር፣ የቀበሌ ኮሚቴዎችም። ሁሉም ድንጋዩን ነው የሚያዩት፣ የዘንጉ ጫፍ ድንጋዩ ላይ መሆኑን። ጫፉማ ድንጋዩ ላይ ነው። ማሽኑ የሚያነበው ግን አናቱን ነው። እዚያ ከቆምነው ይሄን የምናውቅ እኔና ሰይድ ብቻ ነን፣ ኢንጂነሩ ከታች ከሊቀመንበሩ ጋር ነበሩ።

ቦታው ተዳፋት ነው። ተዳፋት ላይ ዓይን ይሸወዳል፣ ዛፉም ሰውም ያጋደለ ይመስላል። ዘንጉን ወደ እማማ ዘነቡ በኩል ትንሽ ጣል አደረግኳት። አንድ ስንዝር ከምናምን። አረፋዋ ዳር ሄዳ ተለጠፈች። «ልክ!» አልኩ። ሰይድ ነካ አደረገ። ሌላኛው ጥግ ላይም ደገምኩት።

በሁለቱም ጥግ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር አንድ ፈር ማለት ነው። ከእማማ ዘነቡ ወጥቶ ለጋሽ ይመር የገባ። ለሳቸው ብዬ አይደለም፣ ንፍሮውንም ረስቼዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንጂነሩ ራሳቸው ዘንጉን ይዘው ጥቂት ጥጎች እንደገና ያያሉ፣ ይቺን ደግሞ የጠብ ድንበር ስለሆነች አይተዋትም። የመዘገበው ሰይድ ነው፣ ታብሌቱ ላይ ያለው የሰይድ ስም ነው። ያኔ «ሰይዶ» የሚሉትን አያለሁ።

ወላሂ እንዲህ ያለ ዘዴ አስራ ሁለተኛ የጨረሰ እንኳ አያስበውም።

ዓርብ

ዛሬ ትንሽ ነው የሠራን፣ ከቀትር በፊት ጨረስን። ሰይድ ጁምዓ ሊሰግድ ወረደ። ከመሄዱ በፊት ግን ታብሌቱን አምጥቶ «ና ማንዴ፣ ላሳይህ፣ አንተም ብትችለው ጥሩ ነው» አለኝ። ጥጎቹ እንዴት እንደሚገናኙ፣ ስም እንዴት እንደሚገባ አሳየኝ። በአንዴ ገባኝ። ጎበዝ ነህ አለኝ። እሱ ማነው እኔን ጎበዝ የሚል?

የትናንቱን ማሳ ከፍቶ አሳየኝ። ቀጭን መስመር ናት። ፈሩ አይታይም። ሰው ይየው ተብሎ ቀበሌ ቢለጠፍ እንኳ ማንም አያውቀውም። ቶሎ ዝጋው አልኩት። ምክንያቱን አላውቅም።

እማማ ዘነቡ መንገድ ላይ አገኙኝና «በርታ ልጄ» አሉኝ። ባላየ አለፍኩ።

ቅዳሜ

ከየት ልጀምር።

ኢንጂነሩ ዘንጉን ይዘው ወጡ፣ ድንጋዩ ላይ አቆሙ፣ አረፋዋን አዩ፣ ታብሌቱን ራሳቸው ነኩ። ወደ ሌላኛው ጥግ ሄዱ። እዚያም እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ ጋሽ ይመርንና እማማ ዘነቡን ጥሩልኝ፣ ኮሚቴዎቹም ይምጡ አሉ። እኔ በልቤ ዝም ብለው ታብሌቱን አስተካክለው ቢሄዱ ማን ያውቃል እላለሁ። እሳቸው ግን ሰው ሁሉ እስኪሰበሰብ ጠብቀው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሐሙስ የለካነው ስህተት ነው፣ ከእማማ ማሳ አንድ ፈር ወስዷል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አሉ።

እማማ ዘነቡ ወደኔ ዞሩ። በጣታቸው ጠቆሙኝ።

«ይሄ ነው! ረቡዕ ለት ይመር ቤት ተቀምጦ ሲጎርስ አይቼዋለሁ!»

ጋሽ ይመር ወደፊት ወጡ። «እኔ፣ ዘነቡ? እኔ በንፍሮ ፈር ልገዛ? ታርቀን ስንት ዘመናችን!» አሉ። ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሏት። ኮሚቴዎቹ መሀል ገቡ። ሁለቱ ዱሮ የተካሰሱበትን ሁሉ አነሱ፣ የሞተውን ባል ሳይቀር።

ኢንጂነሩ «እሳቸው የሉበትም፣ ልጁንም ተዉት። የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ጋሽ ይመር ሰደቧቸው። የተማረ ሌባ አሏቸው። ቆመው ተሰደቡ።

ያኔ ሰይድ ከሰው መሀል ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ኢንጂነር፣ እኔ ነኝ» አለ። አረፋዋን አይቼ መጫን ነበረብኝ፣ ሳላይ ነው የጫንኩት፣ እማማ ይማሩኝ ብሎ ጎንበስ አለ። እማማ ዘነቡ እጃቸው ወረደ። ራሱን ያዙና ግንባሩን ሳሙት። «የማንስ ብትሆን የወለደችህ ትባረክ፣ ሰው እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። ኮሚቴዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኢንጂነሩ በዚያ ዓይናቸው አዩት፣ እኔን አይተውኝ በማያውቁት ዓይን።

ጥፋቴንም ወሰደብኝ! ታብሌቱን ወሰደ፣ ምርቃቱን ወሰደ፣ ወግዲን ወሰደ፣ አሁን የሠራሁትን ጥፋት ወስዶ ይሳምበታል። አልቻልኩም። ለእውነት ብዬ አይደለም፣ እዚህ ላይ አልዋሽም። ቅናት ነው ያናገረኝ።

«ውሸቱን ነው! እኔ ነኝ! ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ አውቄ ነው ያጋደልኩት!»

ማንም ግንባሬን አልሳመም።

ጋሽ ይመር ናቸው ቀድመው የተናገሩት። «ለምን ልጄ?» አሉኝ፣ ስድቡን ትተው። በሰይድ ቀንቼ ነው አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «ታዲያ ቅናትህን በራስህ ማሳ አትወጣውም ነበር?» አሉ። አንዱ ኮሚቴ ሳቀ። ማሳ እንደሌለኝ ያውቃል።

ኢንጂነሩ አልጮሁም። ዘንጉን አቀበሉኝ። እማማን ጠርተው አረፋዋን አሳዩአቸው፣ ይቺ መሀል ካልገባች እንዳይለቁት አሏቸው። እማማ ዘነቡ አንገታቸውን አስግገው ክንዴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ወዲህ። ኧረ ወዲህ ነው ያልኩህ። በዛ። መልስ። አሁን እሷን አትነካት።»

ጋሽ ይመርም መጥተው አዩ። ሁለቱ ተጠጋግተው በአንድ ብርጭቆ ላይ ጎንበስ አሉ። «ገባች» አሉ እማማ። «ገብታለች» አሉ ጋሽ ይመር። ኢንጂነሩ ነካ አደረጉ። ፈሩ ተመለሰ።

ሰይድ እስከ ከተማ ድረስ አላናገረኝም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ውጭ ቆሜ ቅዳሴ ሰማሁ፣ አልገባሁም። ያደረግኩትን ሁሉም ሰምቷል። እናቴ ምሳ አቅርባ ፊቷን አዞረች።

ኢንጂነሩ አስጠሩኝ። ሪፖርት ጽፈዋል፣ የራሳቸውን ስም ከላይ አድርገው። እኔም የትኛው ጥግ፣ ወደየት በኩል፣ ምን ያህል እንዳጋደልኩ በእጄ ጽፌ እንድፈርም አዘዙኝ። ፈረምኩ። እስር ቤት ነው ወይ አልኳቸው። ወረዳው ይወስናል፣ አላውቅም አሉ።

ከዚያ የጨረሰኝን ነገሩኝ። ከዚህ በፊት እኔ ዘንጉን የያዝኩበት ማሳ ሁሉ እንደገና ይለካል። ሁሉም። አስራ አንድ ማሳ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ! ሁለት ጥግ ብቻ ናቸው፣ ሌላው ልክ ነው፣ በእናቴ ሞት አልኳቸው።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «ግን አሁን ያንተን ቃል ይዤ ልፈርም አልችልም።»

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ዘንግ በመያዝ የሚደርስብኝ የለም። እሱን እንኳ ማንም አያምነኝም።

ሰኞ

እንደገና መለካት ጀመርን። እኔ ጥጎቹን አሳያለሁ፣ ታብሌቱን ኢንጂነሩ ይዘዋል። ዘንጉን የያዘው ሰይድ ነው።

መጀመሪያ ሳየው ደሜ ፈላ። የኔን ዘንግ! ከዚያ ቆም ብዬ ሳስበው ላብ አጠመቀኝ። እሱ ዛሬ ትንሽ ቢያጋድል፣ ወይ ዝም ብሎ እጁ ቢደክም፣ የኔ ልክ የነበረው ስህተት ሆኖ ይወጣል። ማንም አይጠራጠረውም። እኔ ብሆን አደርገው ነበር፣ አድርጌዋለሁም።

ያረቢ አልኩ። ጊዮርጊስንም ጠራሁ። ሰይድ ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ ተሳልኩ። እኔ ማንደፍሮ ለሰይድ እጅ ስጸልይ።

የመጀመሪያው ማሳ አራት ጥግ። ኢንጂነሩ አንድ በአንድ አዩ። «ልክ ነው» አሉ። ሁለተኛው ልክ ነው። ሦስተኛው ላይ ሰይድ ስሜን ሳይጠራ ወደኋላ ዞር ብሎ «ና፣ አረፋዋን እያት» አለኝ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። አየኋት። መሀል ናት። «ልክ» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ። ኢንጂነሩ ነኩ። አንድ ጣት እንኳ አልተዛነፈም።

ወግዲ እሱ ነው የሚሄደው፣ ዛሬ ተነገረው። አሁንም ያንገበግበኛል፣ አልዋሽም። ጃኬቱም።

ሦስት ልክ መጣ፣ ስምንት ቀረ። ነገ ከገደሉ አፋፍ ያለው ማሳ ነው። ያን የለካን ቀን ነፋስ ነበር፣ እኔም ቸኩዬ ነበር። አውቄ አላጋደልኩም። አረፋዋን ግን አይቼ ነው ወይስ ዝም ብዬ «ልክ» ያልኩት? ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ፣ አልመጣልኝም።