አምስተኛው ክልክል

ዓይን ሻምስ፣ ካይሮ
ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ሸዋረጋ፣

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ ዓይኔ ከሞራው ከተገላገለ ዛሬ ሁለት ሳምንቱ። ነጭ የሚመስለኝ ግድግዳችን ለካ ቢጫ ኖሯል፤ አብሮኝ የሚኖረው ማቲያስም ሳላየው ሸብቷል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር።

በቀዶ ሕክምናው ማግስት አንዲት የዐረብኛ ወረቀት ሰጡን፤ ዓይኔ ገና ስላልጠራ ማቲያስ አነበበልኝ። መጎንበስ፣ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ዓይን ማሸት፣ ፊትን መታጠብ። አራት ክልክል። በነጋታው እሑድ ነበር፤ የአንቺ የስልክ ቀን። ስልኬ ግን ካስቀመጥኩበት የለም።

«ጋሼ፣ ብርሃኑ ለዓይንዎ ጥሩ ስላልሆነ እኔ ጋ ነው» አለኝ።

«ሸዋረጋ ብትደውልስ?»

«ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ የደብረ ብርሃን ኔትወርክ ተቋርጧል አሉ።» ጉሮሮውን ጠረገና አምስተኛው ክልክል ታወሰው፦ «ደግሞ አራት ሳምንት ሙሉ ማልቀስ አይቻልም።»

«ማን ሊያስለቅሰኝ?» ብዬ ብጠይቀው ሻይ ላፍላ ብሎ ወጣ። የፈላው ሻይ ፊታችን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠያቂ በዛ። ስምንት ዓመት ደጄን ያልረገጠ ሁሉ ከከተማው ማዶ ከሀረም ድረስ ሚክሮባስና ሜትሮ ቀያይሮ ይመጣል። ለአንድ ዓይን! ሁለቱንም ብታከም ኖሮ የት ላስቀምጣቸው ነበር? ብርቱካናቸውን አስቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ። ከላያችን ያለችው ጎረቤታችን ሮማን ስትሰናበተኝ «እግዜር ያጽ...» ብላ ጀምራ «ይማርዎት» ብላ ጨረሰችው። ዓይኗ ከታከመው ዓይኔ ይበልጥ ቀልቷል። በድሮው ዓይኔ ቢሆን አላየውም ነበር።

ታውቂያለሽ፣ ሠላሳ ዓመት የጋዜጣ አራሚ ነበርኩ። ትላንት ማቲያስ ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ ወረቀቷን አንስቼ እዚህ በለቀምኩት ዐረብኛ፣ በአዲሱ ዓይኔ አነበብኳት። ፊደል በፊደል፣ ሁለት ጊዜ። አራት ናቸው። ስለ ማልቀስ አንዲት ቃል የለም።

መልሼ ቦታዋ አኖርኳት። ምንም አልነገርኩትም። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፤ ወጉ ነው። አራስ ሳለሽ የእናትሽን ሞት አርባ ቀን የደበቅሁሽ እኔ አይደለሁም? «እንዴት አስችሎህ አብረኸኝ ትስቅ ነበር?» ብለሽኛል። ማቲያስ ከእኔ ይሻላል፤ አይስቅም። ምሳ አቅርቦልኝ ወዲያው ጓዳ ይገባል።

አራቱ ሳምንት ጥቅምት ሃያ ስምንት ያበቃል። በማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው በሩን እንደሚያንኳኩ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት አሥራ አራት ቀን አለን። ጠብታዬን በሰዓቱ አደርጋለሁ። አልጎነበስም፣ ዓይኔን አላሸውም። አላለቅስም። አንቺም እስከዚያ አለሽ።

ደብዳቤውን ለማቲያስ እሰጠዋለሁ፤ ፖስታ ቤት እንዲያደርስልኝ። ይቀበለኛል፤ ደግ ሰው ነው።

ጋቢዬን ደርቢ። ባለሽበት ሁሉ አምላክ ያሙቅሽ። መልስ ለመጻፍ አትቸኩዪ።

ያንቺው ወንድወሰን