የዕለቱ ስህተት

ውድ ጋሼ፣

ነገሬ የተበላሸው ማክሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ አርባ ሁለት ተማሪዎች ስህተቴን አይተው ዝም ባሉበት ደቂቃ ነው።

ሦስትና አራትን በቅንፍ አስገብቼ ድምራቸውን ስኩዌር ማድረግ ሲገባኝ፣ ለየብቻ ስኩዌር አድርጌ ዘጠኝና አሥራ ስድስትን ደመርኩና ሰሌዳው ላይ ሃያ አምስት ጻፍኩ። አርባ ዘጠኝ መሆኑን የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ አሳምረው ያውቃሉ። ከእርስዎ የወረስኩትን «የዕለቱን ስህተት» ማስቀመጤ ነበር፦ በየክፍለ ጊዜው ሆን ብሎ አንድ ስህተት መጻፍ፣ ያገኘው ተማሪ ጠመኔውን ተቀብሎ እንዲያርም። ዞር ብዬ ጠመኔውን ዘረጋሁ። አንድም እጅ አልወጣም። ከኋላ ወንበር ላይ ከትምህርት ቢሮ የመጣው ሱፐርቫይዘር ተቀምጦ ይጽፋል። እጄ እንደተዘረጋ ደወሉ ተደወለ።

ሆን ብዬ መሆኑን ነገርኩት። «የተያዘ ሁሉ ሆን ብዬ ነው ይላል» ብሎኝ ደብተሩን ዘጋ።

ጓደኞቿ «ጠበቃ» የሚሏት፣ ከደወል ጋር ሳይቀር የምትከራከር ልጅ አለችኝ። ኮሪደር ላይ ተከትላኝ መጣች። «ቲቸር፣ አይተነው ነበር እኮ። በእንግዳ ፊት እንዴት እናሳጣዎት?» አለችኝ። ልቆጣት አስቤ አንጀቴን በላችው።

ዳይሬክተራችን ዘንድ ሄድኩ። እሱም ልጅ ሳለ ከእርስዎ እጅ ጠመኔ የተቀበለ ነው፤ አምና በመምህራን ስብሰባ ላይ «ሰው ያደረገኝ ያ ጠመኔ ነው» ብሎ አስጨብጭቧል። ልማዱን ለሱፐርቫይዘሩ እንዲያስረዳልኝ ጠየቅኩት። መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ጫፍ ሲወለውል ቆየና፣ እንዲህ ያለ ነገር እንደማያስታውስ ነገረኝ። ሪፖርቱ «የምታስተምረውን አታውቅም» ይላል። ከክፍል አውጥተው መዝገብ ቤት አስቀመጡኝ። ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ሪፖርቱን ካጸደቀው ከእንግዲህ ሒሳብ አላስተምርም።

ያኔ ነው ለእርስዎ የጻፍኩት። ልማዱ የእርስዎ መሆኑን የምትመሰክር አንዲት መስመር ብቻ ነበር የለመንኩት። መልስዎ በዚያ በማስመሪያ የተሰመረ በሚመስለው የእጅ ጽሑፍዎ መጣ። «ልጄ፣ ቻይው። የማያልፍ የለም።»

ጋሼ፣ እርስዎን ክፉ ማሰብ አይሆንልኝም። የተሰበረ መነጽር ከየቤቱ ለምነው አጉሊ መነጽር የሠሩልን፣ በየቅዳሜው ለደካሞቹ ክፍል የሚከፍቱልን እርስዎ ነዎት። አባቴ ከትምህርት ሊያስቀረኝ ሲል ደጃችን ድረስ መጥተው፣ «ይቺ ከቀረች እኔም ነገ አልገባም፤ ሌሎቹን እርስዎ ያስተምሩልኝ» ያሉት ትዝ ይለኛል። አባቴ ስቆ ለቀቀኝ።

ግን ያስቀመጡኝ እርስዎ ባስተማሩበት በዚሁ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ የእርስዎን ፋይል አገኘሁት። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት የመጣ ሱፐርቫይዘር፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ስህተት ይጽፋሉና የሳይንስ ክፍል ኃላፊነቱ ይቅርባቸው ብሏል። ከሥሩ «ተቀብያለሁ» የሚል ቃል፣ የእርስዎ ፊርማ።

ቀኑን አየሁት። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ቦርሳ የያዘ ሰውዬ ከኋላችን ተቀምጦ ነበር። እርስዎ «በረዶ ከውኃ ስለሚከብድ ይሰምጣል» ብለው ጻፉ። በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እጄን ከጭኔ ሥር ደበቅኩት። በእንግዳ ፊት እንዴት ላሳጣዎት? ጠመኔውን ዘርግተው ትንሽ ጠበቁን፤ ከዚያ ኪስዎ ከተቱት። አንድም ቀን አላነሱብንም። ይቅርታ ጋሼ። አሥራ ሦስት ዓመት ዘግይቻለሁ።

ግን እርስዎ ነበሩ «ስህተቴን አይታችሁ ዝም ካላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ስህተቱ የእናንተ ነው» የሚሉን። የዚያን ሪፖርት ስህተት አይተው ፈረሙበት። ያኔ ሳይታረም የቀረ ነው ዛሬ እኔ ላይ የደረሰው፤ ነገ ደግሞ ጠበቃ መምህር ስትሆን ይጠብቃታል።

ሰኞ ኮሚቴው ፊት ያንኑ ሃያ አምስት እጽፈዋለሁ። ጠመኔውን ለዳይሬክተሩ እዘረጋለታለሁ። ዝም ካለ፣ ዝም ማለቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይመዝገብልኝ። ጠበቃና ጓደኞቿ መስኮቱ ሥር ይቆማሉ፤ ተዉ ብላቸው አልሰሙኝም።

እርስዎ ቢመጡ ደስታዬ ነው። ቢቀሩም አላኮርፍም፤ ስወድዎት እኖራለሁ። «ተቀብያለሁ» ብዬ ግን አልፈርምም። ቻይው መባልንም ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም፤ ከሁሉም በላይ ከእርስዎ።

እጇን ያወጣች ተማሪዎ