የጥልፍ ማሽኑ ባለቤት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? አባባስ አሁንም ዝናቡን እየተቆጣ ነው? እኔ እዚህ ሎሜ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ፊትሽ ወዝ አወጣ እያሉኝ ነው።

ባለፈው በስልክ የጥልፍ ማሽን ገዛሁ ስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። የሸጡልኝ እትዬ አኮፋ ናቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ ሥራውን ተዉት። ማሽኑን ከሚያዘው ኮምፒውተር ጋር ገዛሁና ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ለመከር በዓል የሚለብሱትን አንገትጌ ልጠልፍ ቃል ገባሁ። ኮምፒውተሩን ብከፍተው ስም ጠየቀኝ። ስሜን ብጽፍለት አልቀበልም አለ።

ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ ወኪል ዘንድ ደወልኩ። ፈቃዱ የተሰጠው ለእትዬ አኮፋ ብቻ ነው፣ ለሌላ ሰው መሸጥም መስጠትም ማዋስም አይቻልም አለኝ።

«ማሽኑም ኮምፒውተሩም የራስሽ ነው እህቴ፤ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ግን የኛ ነው።»

ፕሮግራሙን ከፍቼ ባስተካክለውስ ስለው፣ እሱም በውሉ ክልክል ነው አለ።

እትዬ አኮፋ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያኔ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳያነቡ ነው የተጫኑት። «ባሌ እንኳ ሲያገባኝ እንዲህ አላሰረኝም» አሉ። በማግስቱ መነጽራቸውን አድርገው መጡና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ባለ ፈቃዷ እሳቸው ስለሆኑ እሳቸው ይጫናሉ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ «ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ» እላለሁ። እርግብ ያልነው ዳክዬ ሆኖ ወጣ። በዓሉ ደርሷል፤ እማዬ፣ ያን ቀን አልቅሻለሁ።

አንገቱን ሊያስለካ የመጣ አንድ መዘምር እንደዚያ ሆነን አገኘን። ኤሎም ይባላል፤ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ሰዎች ተባብረው ሠርተው ለፈለገ ሁሉ የሚሰጡት ፕሮግራም አለ አለን። አላመንኩትም። ውሉስ ምን ይላል አልኩት።

«እንደፈለግሽ ቅጂው፣ ለውጪው፤ ለሌላ ስትሰጪ ግን አንቺም አትከልክይ ነው የሚለው።»

ያንኑ ዕለት ኮምፒውተሩ ላይ ጫነልን። መጀመሪያ እርግቧ በጀርባዋ ተንጋላ ወጣች። ኤሎም ፕሮግራሙን ከፍቶ እስኪያቃናት ድረስ ነካካው፤ ማንም አልተቆጣውም። በበዓሉ ቀን መዘምራኑ ሁሉ እርግብ አንገታቸው ላይ ይዘው ቆሙ፤ እትዬ አኮፋ ብቻ ዳክዬዋን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተኮፍሰዋል። ፕሮግራሙን ለሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች በሙሉ አደልኩት። የራሴ ነገር የራሴ ሲሆን እንዴት ደስ እንደሚል ልነግርሽ አልችልም።

ኤሎም አሁንም ብቅ ይላል። ማሽኑ ግን አልተበላሸም።

እስቲ አባባን ጠይቂልኝ፤ እርሻ የማይወርደው የትኛውን እሑድ ነው? ሁለት ሽማግሌዎች ከክፓሊሜ ከተማ ወደ እናንተ ብቅ ሊሉ አስበዋል፤ የኤሎም አጎቶች ናቸው። ለምን እንደመጡ ካልገባው አንቺ አትንገሪው፣ እነሱ ይነግሩታል። ብቻ ለምሳ ፉፉውን በርከት አድርጊው፤ አባባም ያቺን የተቀደደች ሸሚዝ እንዳይለብስ አደራ።

እግዜር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ደጃችሁን እንግዳ አያሳጣው።

ይህን ስትጽፍ ብቻዋን የምትስቀው
ልጅሽ