ከምሽጉ ላይ የተጠጣ ውሃ

ለቀድሞ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? የሚዛን ከተማ ዝናብ ጋብ አለላችሁ? ጤናህን የምጠይቅህ ለወግ እንዳይመስልህ፤ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ ደህና እንድትሆን ከልቤ እፈልጋለሁ። እኔና ባለቤቴ፣ ታናሽ ወንድምህ ሲሞን፣ እዚህ ዓረብ አገር፣ ሙስካት ደህና ነን።

ጋብቻችንን አልቀበልም ያሉት እናትህ በመጨረሻ ልጃቸው ናፍቋቸው መጡ። እኔም አባቴን በዚያው ሰሞን አስመጣሁት። ያጋጣሚ ነገር አይምሰልህ።

አባቴን መቼም አትረሳውም። ስለ እኔና አንተ ጋብቻ ሊነጋገር አንተው ጠርተኸው ነበር አንድ ቅል ማር ይዞ ሸኮ ወዳለው የወላጆችህ ቤት የመጣው። የእኛ ወገን የነካው ዕቃ ይረክሳል ተብሎ፣ እናትህ ደጃፍ አስቀምጠው በታጠፈ የኮባ ቅጠል ውሃ ሰጡት። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር። አባቴ ግን ጠጥቶ እግዜር ይስጥልኝ አለ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ብድሬን ሳልመልስ እንደማልቀር የማልኩት ያን ዕለት ነው።

ሲሞን ሥራ ስለነበረው ሁለቱንም የማስጎበኘው እኔ ነበርኩ። መርከቦቹን፣ ገበያውን አሳየኋቸውና ቀትር ላይ ወደ ድሮው ምሽግ አወጣኋቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እላይ ሱቅ የለም። በቦርሳዬ የነበረው አንድ ፔርሙስ ብቻ ነው፤ ኩባያውም ክዳኑ ነው። መጀመሪያ አባቴ ጠጣ። ከዚያ በዚያው ቀድቼ ለእናትህ ዘረጋሁ። ከንፈራቸው ደርቆ ሳለ ኩባያውን አይተው አልጠማኝም አሉ። ደስ አለኝ፤ እስኪለምኑኝ ልጠብቅ ነበር።

አባቴ ግን የጉብኝቱን ካርታ ከእጄ ወስዶ ልክ እንደዚያ ቅጠል አጠፈው። ኩባያውን አለቅልቆ ለእሳቸው ሊሰጥ፣ እሱ ከእንግዲህ በወረቀቱ ሊጠጣ ነው! ነጠቅኩትና ወረቀቱ ላይ ቀድቼ ለእናትህ ሰጠሁ። የእርስዎ ዕቃ ይህ ነው አልኳቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ፤ ውሃው ነጠላቸው ላይ ተንጠባጠበ። ፎቶ አነሳኋቸው። ይኸው ልኬልሃለሁ፤ የዛሬውን እንኳ ጣሪያ ሳታይ እየው።

ስንወርድ እናትህን አዳለጣቸው። የአባቴን ክንድ ያዙ፤ እስከ መኪናው ድረስም አለቀቁትም።

አልተጸጸትኩም። ቤት ስንደርስ በአዲስ ብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ለአባቴ አቀረብኩለት።

አልጠማኝም አለኝ።

ፈጣሪ ቤትህን ይባርክ፤ እንግዳ ደጃፍ የማይቀርበት ያድርገው።

የወንድምህ ሚስት